ሙቀትና ኃይል በሕዋ፤ የሳተላይት አካል በሞጁል የተከፈለበት ታሪክ

ከምድር ከባቢ አየር በላይ የተላከ ማናቸውም መሣሪያ፣ ከሮኬቱ ተለይቶ በራሱ ምሕዋር መዞር ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ፣ ሁለት የማይነጣጠሉ ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ አንደኛው የሚሠራበትን ኃይል ከየት ያገኛል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያ ኃይል ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚተወውን ሙቀት ወዴት ያስወግዳል የሚለው ነው። በምድር ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እምብዛም አያስበውም፤ የጋለ ነገር ሁሉ ነፋስ ሲያገኘው ይበርዳልና። በሕዋ ግን ሙቀትን ተቀብሎ የሚያርቅ አየርም ውኃም የለም፤ ስለዚህ ሙቀት ከሳተላይቱ ገላ ወጥቶ የሚሄደው በጨረር መልክ ብቻ ነው። ወደ ፀሐይ የዞረ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ 1,361 ዋት ያህል ይቀበላል፤ ለምድር ቀረብ ባለ ምሕዋር የሚዞር ሳተላይትም በየ90 ደቂቃው አንድ ዙር ሲፈጽም፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 35 ደቂቃ የሚደርሰውን በምድር ጥላ ሥር፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጽልመት ያሳልፋል። በራዲዮ ከሚልከው ጥቂት በቀር፣ በውስጡ የሚዘዋወረው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል፤ ስለዚህ የኃይልና የሙቀት ሒሳብ በአንድ መዝገብ የሚጻፍ ሒሳብ ነው።

የዚህ ትረካ ዓላማ፣ መሐንዲሶች የሳተላይትን አካል ራሳቸውን በቻሉ ክፍሎች፣ ማለት በሞጁሎች፣ ለመክፈል እንዴት እንደ ደረሱ በዘመን ቅደም ተከተል መናገር ነው። አንባቢ ከመጀመሪያው በልቡ ሊይዘው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በአንድ ሶኬት በቀላሉ ሲሻገር፣ ሙቀት ግን በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ላይ እጅግ ተቸግሮ የሚሻገር መሆኑን ነው፤ ሁለት ገጾች የቱንም ያህል ቢለሰልሱ በእውነት የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላ አየር በሕዋ ውስጥ የለምና። ሞጁል ሠሪዎች ያገኙት ድልም፣ የከፈሉት ዋጋም፣ አብዛኛው ከዚህ ልዩነት የመነጨ ነው። በትረካው የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ማለት ኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ በሰርጌይ ኮሮሌቭ መሪነት የሠሩ የሶቭየት ኅብረት መሐንዲሶች ያመጠቁት ስፑትኒክ፣ 83.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተወለወለ የአሉሚኒየም ሉል ነበረ። ከዚህ ክብደት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የብርና የዚንክ ባትሪ ሲሆን፣ የሉሉ ውስጥ ናይትሮጅን በሚባል ጋዝ ተሞልቶ፣ ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ጋዙን ከመሣሪያዎቹ ወደ ሉሉ ግድግዳ የሚያዘዋውር አንድ ማራገቢያ ተተክሎለት ነበር። እነዚያ ሊቃውንት፣ በሕዋ ያጡትን ነፋስ በዝግ ዕቃ ውስጥ ይዘው ሄዱ ማለት ነው። ራዲዮው ለ3 ሳምንት ያህል ተሰምቶ ባትሪው ሲያልቅ ዝም አለ፤ በዚያ ሉል ውስጥ ኃይሉም፣ ሙቀቱም፣ ራዲዮውም በአንድ ገላ የተዋሐዱ ስለ ነበሩ፣ አንዱ ሲያልቅ ሁሉም አለቀ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1957፣ ሁለተኛው ስፑትኒክ ላይካ የተባለችውን ውሻ ይዞ ወጣ። ሳተላይቱ ከሮኬቱ የመጨረሻ ክፍል ሳይለይ በመቅረቱ፣ ሙቀትን የሚጠብቀው ሥርዓት እንደ ታሰበው ሊሠራ አልቻለም፤ ከሙቀት መከላከያውም ተገንጥሎ የቀረ ነበረ። ላይካ ለቀናት በሕይወት እንደ ቆየች ለዓለም ተነግሮ ሲኖር፣ በ2002 ግን አንድ የሩሲያ ሳይንቲስት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሙቀትና በጭንቀት መሞቷን ገለጠ። በመስኩ ታሪክ ሙቀት ሕይወት ያጠፋው በሁለተኛው በረራ መሆኑ፣ ነገሩ ከመነሻው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1958 የመጠቀው የአሜሪካ ኤክስፕሎረር 1፣ ማራገቢያ አልነበረውም፤ ይልቁንም በቀጭኑ ገላው ላይ ነጭና ጥቁር መሳይ ሰንበር እያፈራረቁ ቀቡት፤ ጥቁሩ ከፀሐይ የሚቀበለውንና ነጩ የሚመልሰውን አመዛዝነው፣ የመሣሪያው ሙቀት በልኩ እንዲጸና አደረጉ። በማርች 17 ቀን 1958 የተከተለው ቫንጋርድ 1 ደግሞ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ ግራም አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን በገላው ላይ ስድስት የፀሐይ ሴሎች ተለጥፈውበት ነበርና፣ በባትሪ የሚሠራው አንደኛው ራዲዮው በዚያው ዓመት ሲጠፋ፣ በፀሐይ የሚሠራው ሁለተኛው ግን እስከ 1964 ድረስ ድምፁን አሰማ። ይህ የፀሐይ ሴል በ1954 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲገለጥ፣ ከሚቀበለው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ የቀረው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በሴሉ ላይ ይቀራል፤ ሴሉም ሲግል የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። እንግዲህ ለሳተላይት ረዥም ዕድሜ የሰጠው የፀሐይ ሴል፣ ከብርሃኑ ጋር አዲስ የሙቀት ዕዳም ይዞ መጣ።

በ1960ዎቹ ዓመታት ሳተላይቶች እየከበዱ፣ የሚሸከሙትም መሣሪያ እየበዛ ሲሄድ፣ የአንድ ክፍል ብልሽት የሚያስከትለው ጥፋት የዚያኑ ያህል ታላቅ ሆነ። ኤፕሪል 8 ቀን 1966 የመጠቀው የአሜሪካ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ሳተላይት፣ ብዙ ዓመት ተደክሞበት፣ በጊዜው ከነበሩት ሳተላይቶች ሁሉ ይበልጥ የረቀቁትን መነጽሮች ይዞ ሳለ፣ በሦስት ቀን ውስጥ በኃይል ብልሽት ምክንያት ጠፋ፤ መነጽሮቹ አንድ ኮከብ እንኳ ለማየት አልተከፈቱም። መነጽሩ ደኅና፣ የፀሐይ ሴሎች የተደረደሩበት ክንፉ ደኅና፣ ራዲዮው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ አንዱ የአካል ክፍል ሲታመም ሁሉም አብሮ ሲሞት፣ በጎዳርድ የጠፈር ምርምር ማዕከል የነበሩት መሐንዲሶች የታመመውን ክፍል ብቻ አውጥቶ በሌላ መተካት የሚቻልበትን ሥርዓት አጥብቀው ይመኙ ጀመር። ከእነርሱም መካከል ኋላ የዚህ አሳብ ዋና ሐዋርያ የሆነው ፍራንክ ሴፖሊና ነበረ።

በዚያው ዘመን በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በ1963 ጆርጅ ግሮቨርና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል የሚመስል መሣሪያ ሠሩ፤ እርሱም የሙቀት ቧንቧ ነው። ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ አየሩ ወጥቶለት ጥቂት ፈሳሽ ይገባበታል፤ አንደኛው ጫፍ ሲግል ፈሳሹ ይተንና፣ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ገሥግሦ፣ በአረቄ ማውጫ መቃ ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ ሙቀቱን ለቅቆ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ የቧንቧውን ውስጠኛ ገጽ የሸፈነው ረቂቅ መረብ ፈሳሹን እየሳበ ወደ መጣበት ጫፍ ይመልሰዋል፤ ፓምፕ አይሻም፤ ሞተር አይሻም፤ በሕዋ ውስጥ ክብደት ማጣትም ሥራውን አያሰናክልበትም። ጃንዋሪ 1968 የመጠቀው ጂኦስ 2 ሳተላይት ይህን ቧንቧ ተጠቅሞ በተለያየ ቦታ የተተከሉትን የራዲዮ መሣሪያዎቹን ሙቀት አስተካከለ፤ የጋለው ለበረደው እንዲያካፍል ሆነ። ይህ ቧንቧ ባይገኝ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ብርቱ ሳተላይቶች ሁሉ የኃይላቸው መጠን በሙቀታቸው ታስሮ በቀረ ነበር።

ሙቀትና ኃይል እርስ በርሳቸው የተፋጠጡበት እጅግ የሚያስጨንቅ ጊዜ ግን ሜይ 14 ቀን 1973 ነው። በዚያ ቀን የመጠቀው ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ፣ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት አልፎ፣ ከፀሐይና ከጥቃቅን ደንጊያ የሚጋርደው ልብስ በነፋስ ኃይል ተቀድዶ ሄደ፤ ከሁለቱ ታላላቅ የፀሐይ ክንፎች አንደኛውም ተገንጥሎ ጠፋ፤ ሁለተኛውም በተቀደደው ልብስ ቁራጭ ብረት ታስሮ ሳይከፈት ቀረ። የጣቢያው ውስጥ 52 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደረሰ። በሂዩስተን የነበሩት ተቆጣጣሪዎች የተያዙበት ወጥመድ ይህ ነበር፦ ጣቢያውን ለፀሐይ ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት፣ በጣቢያው የመነጽር ማማ ላይ የቀሩት አራት አነስተኛ ክንፎች ኃይል ይሰጣሉ፤ ነገር ግን እርቃኑን የቀረው ገላ ይነዳል፤ ከፀሐይ ዘወር ቢያደርጉት ገላው ይበርዳል፤ ነገር ግን ኃይሉ ይሟጠጣል። ለዐሥራ አንድ ቀን ያህል፣ በሁለቱ መካከል እያዘነበሉና እያቀኑ፣ ጣቢያው በግለትም በኃይል ረኃብም እንዳይሞት ጠበቁት።

ሜይ 25 ቀን ቻርልስ ኮንራድ፣ ጆሴፍ ከርዊንና ፖል ዋይትዝ ተነሥተው ደረሱ፤ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ለሳይንስ መሣሪያ ተብሎ በተሠራ ትንሽ መውጫ በኩል፣ ጃክ ኪንዝለር የተባለው የሂዩስተን የእጅ ባለሙያ ያዘጋጀውን የጨርቅ ጥላ አውጥተው ዘረጉት፤ የውስጡም ሙቀት ቀስ በቀስ ወረደ። ጁን 7 ቀን ኮንራድና ከርዊን ወደ ውጭ ወጥተው፣ በረዥም ዘንግ ጫፍ በታሰረ መቍረጫ ያንን ቁራጭ ብረት ቈርጠው፣ በገመድ ስበው የታሰረውን ክንፍ አስለቀቁት። ሙቀቱ በጥላው ተገታ፤ ኃይሉ በክንፉ ተመለሰ፤ ሦስቱ ሰዎች የ28 ቀን ሥራቸውን ፈጸሙ። ከዚህ ትምህርት የተወሰደው ዋናው ነገር፣ ሰው በሕዋ ውስጥ በእጁ ሊጠግን እንደሚችል ነው፤ ቀጥሎም የመጣው ጥያቄ፣ ጠጋኙ ሰው ሲደርስ ሥራው እንዲቀልለት ሳተላይቱ አስቀድሞ እንዴት መሠራት አለበት የሚለው ሆነ።

በ1970ዎቹ የጎዳርድ መሐንዲሶች የሰጡት መልስ፣ ለብዙ ተልእኮ የሚያገለግል አንድ ሞጁላዊ ሳተላይት ነበረ። በመካከሉ ሦስት ጎን ያለው የብረት አጽም ቆሞ፣ በየጎኑ ቁመቱም ወርዱም 1.2 ሜትር ያህል የሆነ አንዳንድ ሣጥን ይገጠምበታል፤ አንዱ ሣጥን ባትሪውንና የኃይል ማከፋፈያውን፣ ሁለተኛው ሳተላይቱን ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚያዞረውን፣ ሦስተኛው የራዲዮውንና የትእዛዙን ሥርዓት ይይዛል። እያንዳንዱ ሣጥን በሁለት ታላላቅ ብሎኖች ብቻ ይያዛል፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ሶኬቶቹም አብረው ይላቀቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ስለ ሙቀት ያደረጉት ውሳኔ ነው። ሙቀት በመጋጠሚያ በኩል በሚገባ እንደማይሻገር ስላወቁ፣ እንዲሻገር ከመታገል ይልቅ ጨርሶ እንዳይሻገር አደረጉት፤ እያንዳንዱ ሣጥን ከአጽሙ በሙቀት ተለይቶ፣ የራሱን ሙቀት በራሱ ውጫዊ ገጽ በኩል ወደ ሕዋ እንዲጥል ሆነ። በዚያ ገጽ ላይ ሙቀት ሲሰማው የሚጠመዘዝ የብረት ምንጭ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ተደረደሩ፤ ሣጥኑ ሲግል ይከፈታሉ፤ ሲበርድ ይዘጋሉ። ስለዚህ አንዱን ሣጥን የሚሠራው ፋብሪካ የሌላውን ሙቀት ማወቅ አላስፈለገውም፤ ሣጥኑን ብቻውን ሠርቶ፣ ብቻውን ፈትኖ ያስረክባል። ዋጋው ግን አልቀረም፤ ሣጥን ሁሉ የየራሱን ግድግዳ፣ የየራሱን ማሞቂያና የየራሱን ቅጠል ስለሚሸከም፣ ሳተላይቱ በአንድ ገላ ቢሠራ ከሚመዝነው በላይ ይመዝናል።

የዚህ አሳብ ፈተና በዚሁ ሥርዓት በተሠራው በሶላር ማክስ ላይ መጣ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1980 ፀሐይን ሊመረምር የመጠቀው ይህ ሳተላይት፣ ዓመት ሳይሞላው በአቅጣጫ ሣጥኑ ውስጥ ያሉ ፊውዞች ተበላሽተው ፀሐይን አነጣጥሮ የማየት ችሎታውን አጣ፤ ክንፎቹ ኃይል እንዳያጡ ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ እንዲቆይ ተደርጎ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጠጋኝ ጠበቀ። ኤፕሪል 6 ቀን 1984 ቻሌንጀር መንኰራኩር በሮበርት ክሪፕን አዛዥነት ተነሣች፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጆርጅ ኔልሰን በጀርባው በታጠቀው የጋዝ መግፊያ እየበረረ ወደ ሳተላይቱ ቀርቦ መያዣውን ሊገጥም ሞከረ፤ ደጋግሞ ሞክሮ እምቢ አለው። ኋላ እንደ ታወቀው፣ የሳተላይቱን የሙቀት መከላከያ ልብስ የሚይዝ፣ በንድፉ ላይ ያልተመለከተ ትንሽ ቁልፍ መሳይ ነገር መንገዱን ዘግቶበት ነበር። ኔልሰን የፀሐይ ክንፉን በእጁ ይዞ ሊያቆመው ቢሞክር ሳተላይቱ በሁሉ አቅጣጫ መንከባለል ጀመረ፤ ክንፎቹ ፀሐይን ሳቱ፤ የባትሪው ኃይል ይወርድ ጀመር።

በዚያች ሌሊት የጎዳርድ ሰዎች የማያስፈልገውን ሁሉ እያጠፉ፣ በሳተላይቱ ውስጥ ያሉትን ማግኔቶች በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ላይ እያሠሩ፣ ባትሪው ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት መንከባለሉን አቆሙት፤ ክንፎቹም ዳግመኛ ፀሐይን አገኙ። ኤፕሪል 10 ቀን ቴሪ ሃርት በመንኰራኩሯ ክንድ ያዘው፤ በማግሥቱ ኔልሰንና ጀምስ ቫን ሆፍተን ሁለቱን ብሎኖች ፈትተው፣ የታመመውን ሣጥን አውጥተው፣ አዲሱን በአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ገጠሙት። ቀጥለውም በሕዋ ይለወጣል ተብሎ ያልታሰበውን የአንድ መነጽር የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ለመለወጥ፣ የሙቀት መከላከያውን ልብስ ቈርጠው፣ ጥቃቅን ብሎኖችን ፈትተው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አላቀቁ፤ በወፍራም ጓንት ውስጥ ያሉ ጣቶች ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም ነበርና፣ አስቀድሞ ታስቦ የተሠራው መጋጠሚያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሁለቱ ሥራዎች ንጽጽር ለሁሉ ታየ።

በዚያው ሞጁላዊ አካል ላይ የተሠሩት የምድር መመልከቻ ሳተላይቶች ላንድሳት 4 እና ላንድሳት 5 የተለያየ ዕድል ደረሳቸው። በ1982 የመጠቀው አራተኛው ገና ዓመት ሳይቆይ በሽቦ ብልሽት የፀሐይ ፓነሎቹን ከፊል ኃይል አጣ፤ በማርች 1 ቀን 1984 የመጠቀው አምስተኛው ግን ለ3 ዓመት አገልግሎት ተሠርቶ፣ እስከ 2013 ድረስ ለ29 ዓመት ያህል ኖሮ፣ የምድርን ገጽ በመመልከት ረዥም ዘመን ያገለገለ ሳተላይት ተብሎ ተመዘገበ። በመካከሉ ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር ከሰባት ተሳፋሪዎቿ ጋር ስትጠፋ፣ መንኰራኩር እየላኩ ሳተላይት የመጠገን ታላቅ ተስፋ ተሰበረ። ሣጥኖቹ እንዲፈቱ ሆነው ተሠርተዋል፤ የሚፈታቸው ግን አልመጣም።

ይሁን እንጂ ሞጁል በሰማይ ያጣውን ጥቅም በፋብሪካ አገኘው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚቆሙት የቴሌቪዥንና የስልክ ሳተላይቶች፣ ፀሐይ በሰሜንና በደቡብ ጎናቸው ላይ ከ23 ዲግሪ ብዙ በማይበልጥ ጠባብ ማዕዘን ብቻ ስለምታርፍ፣ እነዚህ ሁለት ጎኖች የሙቀት መጣያ ሆኑ፤ በውስጣቸው የግሮቨርን ቧንቧዎች ቀብረው፣ በላያቸው ላይ ብርሃንን የሚመልስ ስስ መስታወት ለጥፈው፣ ብዙ ኃይል የሚበሉትን የራዲዮ ማጉያዎች በጀርባቸው ተከሉ። የመልእክቱ መሣሪያ በአንድ ሞጁል፣ ባትሪውና የኃይል ሥርዓቱ በሌላ ሞጁል ተለይተው በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ በመጨረሻም ብቻ ስለሚገጣጠሙ፣ የሥራው ዘመን አጠረ፤ አንድ ንድፍም ለብዙ ሳተላይት በቃ።

የሃብል የጠፈር መነጽር ታሪክ ደግሞ ተለዋጭ ሆኖ በተሠራና ባልተሠራ ክፍል መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ላይ አሳየ። ኤፕሪል 1990 ከመጠቀ በኋላ፣ ከጽልመት ወደ ብርሃን በሚወጣበት ጊዜ ሁሉ የፀሐይ ክንፎቹ መያዣ ዘንጎች በድንገተኛ ሙቀት እየተለጠጡ ክንፎቹን ያንቀጠቅጡ፣ በክንፎቹም መነጽሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኃይል ሊሰጥ የተዘረጋው ክንፍ በሙቀት ምክንያት የመነጽሩን ዓይን አወከ። ክንፎቹ ተለዋጭ ሆነው ስለ ተሠሩ፣ በዲሴምበር 1993 የሄዱት ጠፈርተኞች በሙቀት መከላከያ እጅጌ በተሸፈኑ ዘንጎች የተያዙ አዳዲስ ክንፎች ተከሉለት። የኃይል መቆጣጠሪያው ሣጥን ግን በሕዋ ይለወጣል ተብሎ አልተሠራም ነበር። ማርች 6 ቀን 2002 ይህን ሣጥን ለመለወጥ፣ መነጽሩ ከመጠቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይሉ ፈጽሞ ተዘጋ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብርዱ ወደ መነጽሩ አካል ሲገባ፣ ጆን ግሩንስፌልድና ሪቻርድ ሊነሃን ተጣብበው የተደረደሩትን 36 የሽቦ ማገናኛዎች አንድ በአንድ ፈትተው፣ አንድ በአንድ ገጠሙ፤ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ ጨለማ በኋላ ኃይሉ ተመልሶ ሃብል ነቃ።

በ1999 በካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር ቦብ ትዊግስ እና ፕሮፌሰር ሆርዲ ፑዊግ ሱዋሪ፣ ተማሪዎች በአቅማቸው ሳተላይት እንዲሠሩ በማሰብ፣ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ መለኪያ እንዲሆን ደነገጉ፤ የመጀመሪያዎቹም በ2003 ከሩሲያ መጠቁ። ኩብሳት የተባለው ይህ ሥርዓት ሞጁልን ከታላላቅ መንግሥታት እጅ አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲዎች አደረሰ። የተፈጥሮ ሕግ ግን ለታናሹም አልራራለትም፤ ገላው ጠባብ ስለ ሆነ የሚቀበለው ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚጥልበትም ስፍራ ያንኑ ያህል ጠባብ ነው፤ ክብደቱም ትንሽ ስለ ሆነ በብርሃን ፈጥኖ ይግላል፣ በጥላ ፈጥኖ ይበርዳል።

ጁላይ 31 ቀን 2010 ደግሞ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ አሞኒያ የሚባለውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያዘዋውረው አንድ ፓምፕ ቆመ፤ ማቀዝቀዣው እኩሌታው ሲጠፋ ብዙ መሣሪያ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንዲጠፋ ተገደደ፤ ሙቀቱን የሚጥልበት ያጣ መሣሪያ ኃይል ቢኖረውም ሊሠራበት አይችልምና። ዳግ ዊሎክና ትሬሲ ካልድዌል ዳይሰን 350 ኪሎ ግራም የሚያህለውን ፓምፕ በሦስት የውጭ ጉዞ ሲለውጡ፣ እጅግ ያስቸገራቸው የፓምፑ ክብደት ሳይሆን የፈሳሹ ማገናኛ ነበር፤ አልላቀቅ ብሎ፣ አሞኒያ እንደ በረዶ ብናኝ ወደ ሕዋ ይረጭ ጀመር። የኤሌክትሪክ ሶኬት በደቂቃ ሲላቀቅ፣ የሙቀት መጋጠሚያ ቀናት ጠየቀ።

ይህን ችግር ከሥሩ ለመፍታት በጀርመን አገር የበርሊን፣ የአኸንና የካርልስሩኸ የምርምር ተቋማት ከ2010 ጀምረው 40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ኩቦችን ሲነድፉ፣ ከኩቡ ይልቅ መጋጠሚያውን የሥራቸው ማዕከል አደረጉት፤ አንዱ መጋጠሚያ አካልን ከአካል ያያይዛል፤ ኤሌክትሪክ ያሻግራል፤ መልእክት ያሻግራል፤ አራተኛም ሙቀት ያሻግራል። የጎዳርድ ሰዎች ሊሻገሩት ስላልቻሉ ያጠሩትን ድንበር፣ እነዚህ በር ሊከፍቱበት ተነሡ፤ የጋለው ኩብ ትርፍ ሙቀቱን ሰፊ ገጽ ላለው ጎረቤቱ ሰጥቶ፣ በጥላ የበረደውም ከእርሱ እንዲሞቅ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነውን የመጀመሪያ የምድር መመልከቻ ሳተላይቷን ከቻይና ታይዩዋን የማምጠቂያ ጣቢያ ስታመጥቅ፣ በዓመቱም ከ10 ኪሎ ግራም በታች የሆነች ሁለተኛዋን ስታስከትል፣ ይህ የስድሳ ዓመት ትምህርት ለእኛም የቤት ሥራ ሆነ። ወደ ፊት የራሳቸውን ንድፍ የሚነድፉ ወጣት መሐንዲሶቻችን ከዚህ ታሪክ አንድ ሥርዓት ሊማሩ ይገባል፦ የመሣሪያውን ብዛትና የክንፉን ስፋት ከመወሰናቸው አስቀድሞ፣ በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሊሥሉት የሚገባው የሙቀቱ መንገድ ነው፤ ከየትኛው ሣጥን ተነሥቶ፣ በየትኛው መጋጠሚያ አልፎ፣ በየትኛው ገጽ ወደ ሕዋ እንደሚወጣ። ክፍሉን ነጻ ማድረግ ቢፈልጉ የራሱን መውጫ ይስጡት፤ ከባልንጀራው ጋር ሊያስተባብሩት ቢፈልጉ መጋጠሚያውን ከሁሉ አስቀድመው፣ ከሁሉ አብልጠው ይፈትኑት። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጡ የከፈሉት አካል፣ በመልኩ ሞጁል ቢመስልም፣ አንዱ ክፍሉ ሲታመም ሁሉም አብሮ መታመሙ አይቀርም።